በበረዶ ወራት እንስሳት ለማየት ሲወጡ፦ የቱ ቦታ፣ የቱ ሰዓት፣ የቱ ዕቃ?

እዚህ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወራት ሳይሆን መሬቱ በረዶ የሚለብስበትን፣ ቀኑ የሚያጥርበትን ብርዳም ወቅት ነው። ለእግር ከባድ ነው፤ ለዓይን ግን የተመቸ ነው። በሞቃቱ ወራት ከአሥር እርምጃ በላይ የማያሳይ ጥሻ ቅጠሉ ሲረግፍ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል። ቡናማ ገላ በነጩ መሬት ላይ ጎልቶ ይወጣል። ሌሊት ያለፈ ሁሉ ዱካውን ትቶ ያልፋል። ምግብ የሚገኝበት ስፍራ ስለሚጠብም እንስሳቱ ራሳቸው ወደ ጥቂት ቦታዎች ይሰበሰባሉ።

ሆኖም በዚህ ወቅት ወጥቶ ከቁራ በቀር ምንም ሳያይ የሚመለስ ብዙ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ዕቃውንም፣ ልብሱንም፣ መንገዱንም የመረጠው ለመራመድ ነው። እንስሳ ግን በአመዛኙ የሚታየው ሰው ሲቆም ነው። የሚራመድ ሰው ይሰማል፣ ይታያል፣ ይሸታል፤ የገዛ ኮቴው ጆሮውን ስለሚሞላው ደግሞ እሱ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የምንመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ምርጫ ሳይንቀሳቀሱ ሃያ ደቂቃ ለመቆም ያስችላል ወይ?

የውሃ ዳር፣ ገላጣ ሜዳ ወይስ ጫካ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው የውሃ ዳር ቢመርጥ አይቆጭም። ሐይቆች ሲረጉ ዳክዬ፣ ዝይና አንገተ ረጅሙ ነጭ የውሃ ወፍ ስዋን ወዳልረጋው ውሃ ይጎርፋሉ፤ ወንዙ ፈጠን ብሎ ወደሚወርድበት፣ ምንጭ ወደሚገባበት፣ ከግድብ በታች ወዳለው ውሃ። ዓሣና የደከመ ወፍ ፍለጋ ንስር ይከተላቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ከዳር ባለ ረጅም ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ትልቁ ጥቅሙ ሰዓት አለመምረጡ ነው። የውሃ ወፎች ጧትም ቀትርም በግልጽ ይታያሉ፣ እርስዎም አንድ ቦታ ቆመው ብዙ ዓይነት ያያሉ። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነፋሱን የሚገታ ነገር ስለሌለ ከሦስቱ ቦታዎች ቶሎ የሚያበርደው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ወፎቹ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር ርቀው ሊቀመጡ ስለሚችሉ ደካማ ባይኖኩላር (የሩቅ መመልከቻ መነፅር) ነጥብ ብቻ ያሳያል።

ገላጣ ሜዳና ሰፊ ሸለቆ ለትላልቅ እንስሳት ነው፤ አጋዘን፣ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን፣ ጎሽ፣ ዕድል ካለም ተኩላ። እዚህ መራመድ ጥቅም የለውም ማለት ይቻላል፤ በነጭ ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይታያል። የሚበጀው ከፍ ያለ ጥግ ይዞ ሜዳውን በመነፅር ማበጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ተኩላዎች እንደገና በተለቀቁበት በአሜሪካው የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ፣ በላማር ሸለቆ፣ በክረምት የሚመጡ ተመልካቾች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ቴሌስኮፕ ተክለው ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻሉ። ተኩላው ሳይረበሽ ይውላል፣ ሰውም ያያል።

ሜዳው ላይ ሊታለፍ የማይገባው ሌላው ትዕይንት የቀበሮ አደን ነው። በረዶው ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወፍር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ መሬቱን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። በመሬቱና በበረዶው መካከል በሚፈጠረው ክፍተት የሜዳ አይጦች መንገድ ቀድደው ክረምቱን ይኖራሉ። ቀበሮ ከላይ ሆና ድምፃቸውን ትሰማለች። ጆሮዋን አቁማ አንገቷን ወዲህ ወዲያ ስታዘነብል ካዩ መነፅሩን ከዓይንዎ አያውርዱ። ዘልላ በአፍጢሟ በረዶው ውስጥ የምትጠልቀው በሚቀጥሉት ሰኮንዶች ውስጥ ነው።

ጫካ ከሁሉም ይከብዳል፣ ግን ነፋስ ስለሚከልል ለመቆም ከሁሉም ይመቻል። የሚታየው ርቀት ሠላሳ፣ ቢበዛ ስልሳ ሜትር ነው። ትናንሽ ወፎች በክረምት የተለያየ ዓይነታቸው አንድ ላይ ሆኖ በመንጋ ስለሚዘዋወር፣ ጫካው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባዶ መስሎ ቆይቶ በድንገት አንድ ዛፍ በወፍ ይሞላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ መንገድ በመጀመሩ ነው። ጉጉት ለማግኘት ወደ ላይ ብቻ አይመልከቱ፤ ቅጠላቸው ከማይረግፍ ዛፎች ሥር ያለውን በረዶ ይመርምሩ። ነጭ የኩስ ጠብታና አውራ ጣት የሚያህል የፀጉርና የአጥንት ድብልብል ካለ ጉጉቱ ከራስዎ በላይ ተኝቷል፤ ሳይጠጉ ከሩቅ አይተው ይለፉ።

ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ያቃተው ሰው ጫካና ሜዳ የሚገናኙበትን ጠርዝ ይያዝ። አጋዘን በጫካው ይጠለላል፣ በሜዳው ይመገባል፤ በጧትና በማታ ያንን ጠርዝ ያቋርጣል። ከተራራማ ቦታ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ተዳፋት ይሻላል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባለው የዓለም ክፍል ይህ ወደ ደቡብ የሚያየው ጎን ነው። በረዶው እዚያ ስለሚሳሳ ሣሩና ቁጥቋጦው ቶሎ ይገለጣል።

ጧት፣ ቀትር ወይስ ማምሻ

ጧት ለወፎች ወደር የለውም። ትናንሽ ወፎች ረጅሙን ሌሊት ያከማቹትን ስብ ሲያቃጥሉ ያድራሉ፤ አንዳንዶቹ ብርታት ለመቆጠብ የሰውነታቸውን ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ያደርጋሉ። ጎህ ሲቀድ ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ የሰው መኖር ብዙም አያሳስባቸውም። አጋዘንም ከመመገቢያው ወደ መጠለያው የሚመለሰው ያኔ ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ ሠላሳ ደቂቃ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ብርሃን ከሆነ በኋላ የሚገባ ሰው እንስሳውን ያባርረዋል እንጂ አያየውም። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ የቀኑ ብርድ የሚበረታው በዚሁ ሰዓት ነው።

ማምሻው ለቀበሮና ለጉጉት ይሻላል። ግን መመለሻው በጨለማ ስለሆነ መንገዱን አስቀድሞ ለማያውቅ አይመከርም። ማምሻን የመረጠ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ከመኪናው ወይም ከቤቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው።

ቀትር በሌሎች ወቅቶች የሞተ ሰዓት ነው፣ በክረምት ግን አይናቅም። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዝ ቀን ብዙ እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ሙቀቱ ከፍ በሚልበት በዚያ ሰዓት ነው። ልጆች ወይም አረጋውያን አብረው ካሉ ያለማመንታት ቀትርን መምረጥ ነው።

የቀኑን ርዝመት ያስሉ። በ60 ዲግሪ ሰሜን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 አካባቢ ብርሃን የሚቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የመመለሻ ሰዓት ከመነሳትዎ በፊት ይቆረጥ፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ፊት ለፊት ምን ቢኖር ይመለሳሉ።

ስለ አየሩም አንድ ነገር አለ። በረዶ በወረደ ማግስት የሚወጣ ሰው ብዙ ዱካ አያገኝም፣ እንስሳቱ ገና ከተጠለሉበት አልተነሱም። በሁለተኛው ጧት ግን ሜዳው እንደ ተጻፈ ገጽ ይሆናል። ቀን ቀልጦ ሌሊት የረጋ በረዶ ደግሞ ላዩ ቅርፊት ያበጃል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ብርጭቆ የመስበር ያህል ይጮኻል። እንዲህ ባለ ቀን ጫካውን ትቶ ወደ ውሃ ዳር መሄድ ይሻላል። አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ በተቃራኒው ድምፅ ስለሚውጥ የጫካ ቀን ነው።

ለእግር፦ ጫማ ብቻ፣ የጫማ ጥርስ፣ ስኖውሹ ወይስ ስኪ

ምርጫው የሚወሰነው በበረዶው ጥልቀትና በተረጋገጠ መንገድ መኖር አለመኖር ነው።

ከአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ወይም ሌሎች ረግጠው ላጠበቁት በረዶ ውሃ የማያስገባ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይበቃል። ከማንኛውም ሌላ አማራጭ ይልቅ ድምፅ የሌለው ይህ ነው። በረዶ ከላይ እንዳይገባ ከጉልበት በታች የሚታሰር መሸፈኛ ይጨመርበት። የጫማው ቁጥር በወፍራም ካልሲ ላይ ተለክቶ ጣቶች እንደ ልብ መንቀሳቀስ አለባቸው። እግር የሚበርደው ብዙ ጊዜ ካልሲ በመሳሳቱ አይደለም፤ ሁለት ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ ተጨናንቆ የደም ዝውውር በመታፈኑ ነው።

መንገዱ ከረጋ በጎማ ተይዞ ከጫማ ላይ የሚጠለቀው ባለ ጥርስ ሰንሰለት ያስፈልጋል። ጥርሱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለመንገድ ይበቃል፣ ለገደላማ ተዳፋት ግን አይበቃም፤ ለዚያ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ረጅም ጥርስና ሥልጠና ያስፈልጋል። የተለመደው ችግሩ በረዶው እርጥብ ሲሆን ከሥሩ ተድቦልቡሎ መጣበቁ ነው። ያኔ ሰው በክብ ኳስ ላይ የቆመ ያህል ስለሚሆን ጥርሱ ይይዝልኛል ብሎ ሲተማመን ይወድቃል። በየጥቂት እርምጃው በምርኩዝ መታ መታ እያደረጉ ማራገፍ ነው።

እግር ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር በላይ በሚሰምጥበት ለስላሳ በረዶ ላይ ስኖውሹ፣ ማለትም ከጫማ ሥር የሚታሰረው ሰፊ መርገጫ፣ ግድ ይሆናል። መጠኑ የሚመረጠው በሰውየው ቁመት ሳይሆን በክብደቱ ነው፤ ያውም ልብሱና ሻንጣው ተደምሮ። በአመዛኙ እስከ 80 ኪሎ ግራም 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እስከ 100 ኪሎ ግራም 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይበቃል። የአምራቹ ሠንጠረዥ የተለየ ካለ እሱን ይከተሉ። አጠር ያለው ከዛፍ መካከል ለመዞር ይቀላል። ፍጥነቱ ግን ይገመት፤ በጠበቀ መንገድ በሰዓት አራትና አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ባልተረገጠ በረዶ ላይ በስኖውሹ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄደ ደህና ነው። የፕላስቲክ መርገጫ በቅርፊታም በረዶ ላይ ክፉኛ ይንኳኳል፤ በጨርቅ የተወጠረው የአሉሚኒየም ዓይነት ድምፁ ቀለል ይላል።

ስኪ፣ ማለትም ከጫማ ሥር የሚታሰረው ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ለሚችለው ሰው ፈጣንና ጸጥተኛ ነው። ቆሞ መነፅር ለማንሳት ግን ሚዛን ይነሳል፣ ጥሻ ውስጥ መግባትም አይቻልም። ለእንስሳት ተብሎ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ከየትኛውም ጋር ምርኩዝ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ ሲቆሙ አንዱን ምርኩዝ ከመነፅሩ ሥር ተደግፈው እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ያደርጋሉ።

ባይኖኩላር፦ 8 በ42፣ 10 በ42፣ 8 በ32 ወይስ ቴሌስኮፕ

ከዕቃ ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው። በመነፅሩ ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊቱ መስተዋት ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ቢያካፍሉ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 8 በ42 ላይ 5.25 ሚሊ ሜትር፣ 10 በ42 ላይ 4.2፣ 8 በ32 ላይ 4 ነው፤ ኪስ የሚገባው 10 በ25 ደግሞ 2.5 ብቻ። በጎህና በማምሻ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ ክቡ ሰፊ የሆነው መነፅር ብሩህ ሆኖ ይታያል። እንስሳው የሚወጣው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የኪሱ መነፅር በሚፈለግበት ሰዓት ጨለማ ሆኖ ያሳፍራል።

ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው 8 በ42ን ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ርቀት 130 ሜትር ገደማ ስፋት ስለሚያሳይ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ወፍን መከተል ያስችላል። የብርድ ጓንት ባደረገ እጅም ምስሉ ብዙ አይንቀጠቀጥም። 10 በ42 ለሜዳና ለውሃ ዳር ይሻላል፤ ዝርዝሩን ያጎላል፣ ግን የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋትም ይጠባል። ብርድ ላይ ሠላሳ ደቂቃ የቆየ እጅ በ10 እጥፍ ማየት የሚከብደው ለዚህ ነው። 8 በ32 ከ42ቱ እስከ ሁለት መቶ ግራም ሊቀልል ስለሚችል ረጅም መንገድ ለሚሄድና አንገቱ ለሚያመው ሰው ይሆናል፤ በቀን ብርሃን ልዩነቱ አይሰማም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ብሌኑ እንደ ወጣት ስለማይሰፋ በዚህኛው የሚያጣው ብርሃን ያን ያህል ላይሆን ይችላል።

ከቁጥሮቹ ሌላ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን የተሞላና የታሸገ ነው? ካልሆነ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁ ከውስጥ ጉም ይይዛል፣ ያም በጨርቅ አይጠረግም። የዓይን መነፅር ለሚያደርግ ሰው ዓይንን ከመስተዋቱ የሚያርቀው ልክ ከ15 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ነው? ማስተካከያው ጎማ በጓንት ይዞራል፣ በብርድስ አይደርቅም?

የውጩ መስተዋት የሚያጉመው ብዙ ጊዜ በገዛ ትንፋሽ ነው። መነፅሩን ዓይን ላይ ካሳረፉ በኋላ በአፍንጫ፣ ወደ ታች፣ በቀስታ ይተንፍሱ። አንገት ላይ የተጠመጠመ ሻርፕ ትንፋሹን ቀጥታ ወደ መስተዋቱ ስለሚልክ ሲመለከቱ ዝቅ ያድርጉት። ብዙ ሰው የሚሠራው ሌላው ስህተት መነፅሩን ሞቆ እንዲቆይ ከካፖርት ሥር መያዝ ነው፤ የላብ እርጥበት ይሰበስብና ብርዱን ሲያገኝ ላዩ ላይ ይረጋል። ከውጭ ይንጠልጠል።

ቴሌስኮፕ፣ ለምሳሌ ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርበው፣ ከማቆሚያው ጋር ሦስት ኪሎ ግራም ሊደርስ ስለሚችል ቆሞ ለሚውል ሰው ብቻ ነው። ለውሃ ዳርና ለሰፊ ሸለቆ ወደር የለውም፤ ጫካ ውስጥ ሸክም ነው። ካሜራ ወይስ ባይኖኩላር ለሚሉ፣ መጀመሪያ ባይኖኩላር። በካሜራ ጠባብ ዓይን እንስሳ ፈልጎ ማግኘት በጣም ከባድ ነው፤ የካሜራና የስልክ ባትሪም በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉ ከገላ በተጠጋ ኪስ መያዝ አለበት።

ልብስ፦ ለሚሄድ ሳይሆን ለሚቆም

ከገላ የሚገናኘው ሱፍ ወይም ላብ የሚያደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይጠጣል፣ አይደርቅም፣ ሲቆሙ ገላን ያቀዘቅዛል። ከሁለቱ ሱፍ እርጥብም ሆኖ ስለሚሞቅ ለመቆም ይሻላል፤ ሰው ሠራሹ ቶሎ ይደርቃል፣ ለሚያልበው ሰው ይሆናል።

ከላይ የሚደረበው ወፍራም ጃኬት ላባ ወይስ ሰው ሠራሽ ሙሌት? ለክብደቱ ላባ ይሞቃል፣ ታጥፎም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን ተጨማዶ ከንቱ ይሆናል። ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ በቀዘቀዘ ደረቅ አየር ላባን፣ ዜሮ አካባቢ በረዶ ከዝናብ በሚቀላቀልበት አየር ሰው ሠራሹን ይምረጡ። ዋናው ነገር አጠቃቀሙ ነው፤ ሲራመዱ ሻንጣ ውስጥ ይቆይ፣ በቆሙ በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ብርዱ ሳይሰማ፣ ይደረብ። ከበረደዎ በኋላ የሚደረብ ጃኬት የጠፋውን ሙቀት አይመልስም። መራመድ ሲጀምሩ ደግሞ ትንሽ ብርድ ብርድ ሊልዎ ይገባል፤ ከበር ሲወጡ የሞቀው ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያልበዋል።

የውጭው ልብስ ድምፅ ይፈተን። ነፋስ የሚከላከለው ጠንካራ ላስቲክ መሰል ጨርቅ እጅ በተነሳ ቁጥር ይንሻሻል፤ አጋዘን ያንን ከሩቅ ይሰማል። ነፋስ ከሌለ ሱፍ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከላይ ቢሆን ይመረጣል። ስለ ቀለም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አጋዘን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ በደንብ አይለይም፣ የሚያስደነግጠው እንቅስቃሴ ነው። አዳኞች በሚወጡበት ወቅትና ቦታ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ማድረግ ሕይወት ያድናል፣ የሚያሳጣው ነገርም የለም። ወፎች ግን ቀለም በሚገባ ይለያሉ።

ለእጅ ቀጭን ጓንት ከውስጥ፣ ጣት የማይለያይ ወፍራም ጓንት ከላይ። ባይኖኩላሩ ሲነሳ የላይኛው ወልቆ በገመድ ይንጠልጠል። ለእግር ደግሞ ከካልሲ ይልቅ የሚረዳ ቀላል ነገር አለ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ምንጣፍ ቁራጭ፣ ሁለት እግር የሚያስቆም ስፋት ያለው። ቅዝቃዜው የሚገባው ከሥር ስለሆነ በእሱ ላይ የቆመ ሰው ከሌላው እጥፍ ጊዜ ሊታገሥ ይችላል።

የሙቀት መለኪያውን ብቻ አይመኑ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲጨመርበት ገላ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ያህል ሆኖ ነው።

ዱካ መከተል ወይስ አንድ ቦታ መጠበቅ

ዱካ መከተል ደስ ይላል፣ ልጆችም ይወዱታል፤ እንስሳውን ለማየት ግን የሚጠቅመው ወደ ኋላ ሲከተሉት ነው። ወደ ፊት ከተከተሉት ያሳድዱታል። ወደ መጣበት ከሄዱ ምን እንደበላ፣ የት እንደተኛ ያያሉ፣ በማግስቱ የት መቆም እንዳለብዎም ይገባዎታል።

የጥንቸል ዱካ ያታልላል፤ ሁለቱ ረጃጅም የኋላ እግሮች ከትናንሾቹ የፊት እግሮች ቀድመው ያርፋሉ፣ ስለዚህ ትላልቆቹ ምልክቶች የሚያሳዩት ወደ ሄደችበት ነው። ቀበሮ የኋላ እግሯን በፊት እግሯ ምልክት ላይ ስለምታሳርፍ ዱካዋ በአንድ መስመር እንደ ተሰካ ስፌት ይሄዳል። የውሻ ዱካ ግን ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ጉልበት አይቆጥብም። የድመት ዘር ጥፍሩን ስለሚሰበስብ የጥፍር ምልክት የለም። ከዛፍ ጀምሮ ዛፍ ላይ የሚያልቅ ዱካ ጅራተ ጎፈሬዋ ዛፍ ወጪ ትንሽ እንስሳ፣ የስኩዊረል፣ ነው። ሞላላ ሆኖ የቀለጠ ጉድጓድ አጋዘን የተኛበት ነው፤ በእጅ ሲነካ ውስጡ ገና ካልጠነከረ ባለቤቱ ሩቅ አልሄደም። ጠርዙ የሰላ ዱካ አዲስ፣ የተድበለበለው አሮጌ ነው። ፀሐይ ያገኘው ግን እየቀለጠ ስለሚሰፋ ውሻ የረገጠው ተኩላ ይመስላል፤ ከመደነቅ በፊት በጥላ ያለውን ይለኩ።

ምን ያህል መጠጋት

በክረምት የማስበርገግ ዋጋ በሌላ ወቅት ካለው ይበልጣል። አጋዘን እስከ ፀደይ የሚደርሰው ባከማቸው ስብና በመቆጠብ ነው፤ በጥልቅ በረዶ ውስጥ አንድ ጊዜ መሮጥ በዚያ ቀን ከሚያገኘው ምግብ የበለጠ ሊያስወጣው ይችላል። ግራውስ የሚባሉት ቆቅ መሰል ወፎች በረዶ ውስጥ ጎድጉደው ያድራሉ፤ ከተነሱ ያሞቁትን ጉድጓድ አጥተዋል። ስለዚህ ከተረገጠው መንገድ አለመውጣት፣ ውሻ ይዞ አለመምጣት ወይም በማሰሪያ መያዝ፣ ምግብ አለመስጠት። በተለይ እህል ለአጋዘን መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ጨጓራው በክረምት ለቅርንጫፍና ለቅርፊት ስለተዘጋጀ ድንገተኛ እህል አሲድ ይፈጥርበታል።

የየሎውስቶን ደንብ ከተኩላና ከድብ 91 ሜትር፣ ከአብዛኞቹ ሌሎች 23 ሜትር ነው። ከዚህ የሚሻለው መለኪያ እንስሳው ራሱ ነው። መብላቱን ከተወ፣ ጆሮውን ካቆመ፣ ከተነሳ ልኩ አልፏል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ በጎን በኩል ይመለሱ። ሙስ የሚባለው ግዙፉ የአጋዘን ዘመድ ከሁሉ ይለያል። ጥልቁ በረዶ ስለሚያደክመው የሰዎቹን የተረገጠ መንገድ ይይዛል፣ አይለቅም። ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለና የአንገቱ ጸጉር ከቆመ ሊያጠቃ ነው፤ መንገዱን ለእሱ ትተው ከወፍራም ዛፍ ጀርባ ይሁኑ።

የማይመረጡ ነገሮች

በረጋ ሐይቅ ማቋረጥ አያዋጣም። ጥርት ያለ ግግር በረዶ ሰው የሚሸከመው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ሲወፍር ነው፤ ነጣ ያለው ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፉን ይጠይቃል። ወፎቹ የሚሰበሰቡበት ውሃ ዳር ደግሞ ከሥሩ ፈሳሽ ስለሚሄድ ግግሩ የሚሳሳው በትክክል እዚያ ነው። በተራራ ላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያጋድሉ ተዳፋቶች የበረዶ ናዳ የሚወርድባቸው ናቸው፤ ከእነሱ ሥር ቆሞ መጠበቅም ያው ነው። የአካባቢው የናዳ ማስጠንቀቂያ ሳይነበብ አይወጣም።

አብሮዎት ያለ ሰው መሰናከል፣ መንተባተብ፣ ጓንቱን መጣል ከጀመረ ብርዱ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል፤ ጉዞው እዚያ ያበቃል፣ ደረቅ ልብስና ትኩስ ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠው። የነጣና የደነዘዘ ጣትን በበረዶ ማሸት የቆየ ስህተት ነው፣ ሥጋውን ይጎዳል፤ በብብት ይሙቅ። የውሃ ጠርሙስ ተዘቅዝቆ ይያዝ፤ ውሃ የሚረጋው ከላይ ስለሆነ አፉ አይደፈንም። የግንባር መብራት ቀትር ላይ ለሚመለስም አይቀርም።

ቤት ሲደርሱ ባይኖኩላሩንና ካሜራውን ከሻንጣው አያውጡ። ሻንጣው እንደተዘጋ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ሲከፈት እርጥበቱ ያረፈው በሻንጣው ላይ እንጂ በመስተዋቱ ላይ አይሆንም።